አሮጌ ቤት ገዝተው ምጣድ ከመሰካትዎ በፊት፦ ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት ይታደሳል?

በጉለሌና በቄራ ዓይነት የቆዩ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ለሽያጭ የሚቀርብ ቤት ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ቺፕውድ ነው። መስመሩ በተዘረጋበት ዘመን ከቤቱ የሚጠበቀው በየክፍሉ አንድ አምፖል፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ለራዲዮ የሚሆን አንድ ሶኬት ነበር። ባለ 60 ዋት አምፖል አምስት ቢበራ 300 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 1.4 አምፔር ያህል ይስባል። ዛሬ በዚያው ሽቦ ጫፍ የሚሰካው የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ነው። ብቻውን እስከ 18 አምፔር ይስባል፣ ያውም ጋገራው እስኪያልቅ።

ይህ ማለት ግን መስመሩን በሙሉ በአንድ ቀን ነቅሎ መጣል ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ቤት ገዝቶ ኪሱ ያልተራቆተ ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራው በየደረጃው ሊሠራ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፦ መጀመሪያ መከላከያው (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ፊውዝ ወይም ብሬከር) እና ግራውንዱ (የሚያፈስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ)፣ ቀጥሎ የምጣዱ መስመር፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤትና ሌሎች ሶኬቶች፣ በመጨረሻ አምፖሎቹ። የተለመደው ተቃራኒው ነው፤ ቤቱ ቀለም ሲቀባ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያና የሚያምር የሳሎን መብራት ይገጠማል፣ ከኋላው ያለው ሽቦ እንደነበረ ይቀራል።

አንድ ወሰን አስቀድሞ ይታወቅ። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው መስመርና ቆጣሪው ራሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ማኅተሙን መቁረጥም ሆነ ከቆጣሪው በፊት መንካት አይፈቀድም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ደግሞ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። የእርስዎ ድርሻ ቤቱን ማወቅ፣ ሥራውን በትክክል ማዘዝና የተሠራውን መፈተሽ ነው። ለዚያ ግን ዝርዝሩን ማወቅ አለብዎት።

ቁልፍ ከመረከብዎ በፊት

በቆጣሪው ይጀምሩ። በማን ስም እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ውዝፍ እንዳለበት፣ የካርድ ከሆነም ካርዱ ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የስም ዝውውሩን ከሽያጩ ጋር አብረው ይጨርሱ። ቆጣሪው ፊት ላይ ሁለት የአምፔር ቁጥሮች ያያሉ፤ ትልቁ ቆጣሪው የሚችለው የመጨረሻ ጭነት ነው። ይህን ይጻፉት፣ በኋላ ይፈለጋል።

ቀጥሎ ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉና ግቢውን ይዙሩ። ሰርቪስ ቤቶቹ ጠፍተዋል? የጎረቤት መብራትስ? ከአንድ ቆጣሪ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ግቢ ብርቅ አይደለም፤ አጥር ላይ የተጋደመች ቀጭን ሽቦ ወደ ጎረቤት ኮርኒስ ስትገባ ካዩ የገዙት ቤቱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ሂሳብ ነው። ይህ ከሻጩ ጋር የሚያልቀው ከውሉ በፊት ነው።

ከዚያ መብራቱ ይመለስና ሻጩ ምጣዱን እንዲያበሩልዎ ይጠይቁ። ሳሎን ቆመው አምፖሉን ይመልከቱ። ምጣዱ ሲበራ ትንሽ ብቻ ደብዘዝ ካለ ሽቦው ቀጥኗል። የሚርገበገብ ከሆነ ግን የላላ መጋጠሚያ አለ፤ ይህኛው ይብሳል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ለብ ማለቱ ያጋጥማል፤ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ወዲያው ይጠፋና መስመሩ እስኪቀየር ምጣድ አይሰካበት።

የቤቱን ካርታ መሥራት

ወረቀት ላይ ክፍሎቹን ይሳሉ፤ እያንዳንዱን አምፖል፣ ማብሪያና ሶኬት ያስቀምጡ። ፊውዞቹን ወይም ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፉ የትኛው የትኛውን እንደሚያጠፋ ቁጥር ይስጡ። ሶኬት ለመፈተሽ የጠረጴዛ መብራት ይዞ መዞር ይበቃል። ሁለት ፊውዝ ብቻ ያለው ቤት ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ፤ በቀድሞ አሠራር አንዱ በፌዙ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) ላይ፣ ሌላው በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ ይገጠም ነበር። የኒውትራሉ ፊውዝ ብቻ ሲቃጠል ቤቱ ይጨልማል፣ ሶኬቱ የሞተ ይመስላል፣ ፌዙ ግን እንዳለ ነው። ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ የሚያዘው እንዲህ ባለ ጊዜ «መብራት የለም» ብሎ ሽቦ ሲነካ ነው።

ሌላው ምልክት አምፖሉ ራሱ ነው። ማብሪያው ጠፍቶ የኤልኢዲ አምፖሉ ሌሊት ደብዛዛ ብርሃን ካለው፣ ማብሪያው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት አምፖል ሲቀየር ዋናው ካልጠፋ የአምፖሉ ቤት ውስጥ 220 ቮልት ይጠብቅዎታል።

ማጥፋት፣ መሞቱንም ማረጋገጥ

ማንኛውም ክዳን ከመከፈቱ በፊት ዋናው ይጥፋ፤ ማንም እንዳይመልሰው ይቆለፍ ወይም ወረቀት ይለጠፍበት። የካቻቢቴ ቴስተር ብቻውን አይታመንም፤ ደረቅ ጣውላ ላይ ወይም ወፍራም ጫማ አድርገው ሲቆሙ ፌዝ እያለም ላይበራ ይችላል። መልቲሜትር ይጠቀሙ፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ይለኩ፣ ከዚያ በሚሠራበት ቦታ፣ ከዚያ እንደገና በመጀመሪያው። ሦስተኛው ልኬት መሣሪያው መሐል ላይ እንዳልተበላሸ የሚያሳየው ነው። በሚሠራበት ቦታ ፌዝና ኒውትራልን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ከመሬት ጋር ይለኩ። ጀነሬተር ወይም ኢንቨርተር ያለበት ቤት ከሆነ እሱም ይነቀል።

ቆርቆሮውንም አይርሱ። መስመሩ ከመጥፋቱ በፊት፣ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ እርጥብ መሬት ውስጥ በተተከለ ብረት ላይ፣ ሌላውን የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አድርገው ይለኩ። አይጥ የላጠው ሽቦ ቆርቆሮ ከነካ ጣሪያው በሙሉ ፌዝ ይሆናል። የልብስ ማስጫው ሽቦ ከጣሪያው ጠርዝ ታስሮ ከሆነ ደግሞ አደጋው እርጥብ ልብስ ለሚያሰጣው ሰው እጅ ድረስ ይመጣል። ጥቂት ቮልት የመልቲሜትሩ የውሸት ንባብ ሊሆን ይችላል፤ ከ50 በላይ ካሳየ ዋናው ጠፍቶ ይቆይና ኤሌክትሪሺያን ይጠራ።

ከፍቶ ማየት

መጀመሪያ ፊውዙ ይታይ። የሸክላ ፊውዝ ውስጥ መኖር ያለባት ሽቦ በጣም ቀጭን ናት፦ ለ5 አምፔር 0.2 ሚሊ ሜትር፣ ለ15 አምፔር 0.5፣ ለ30 አምፔር 0.85። በአሮጌ ቤት የሚገኘው ግን ከባለ 2.5 (2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦ የተቆረጠ፣ 1.78 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ነው፤ «እንዳይቃጠል» ተብሎ የተጠመጠመ። እሱ እስኪቀልጥ ከ150 አምፔር በላይ ማለፍ አለበት። በዚህ ቤት ፊውዝ ሆኖ የሚሠራው ኮርኒስ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት ሶኬትና ሁለት የጣሪያ መጋጠሚያ ይከፈት። የሽቦው ልባስ ጨርቅ ወይም ጎማ ከሆነ፣ ሲነካም እንደ ድርቆሽ የሚሰባበር ከሆነ ድርድር የለውም፤ በሙሉ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሽቦ ለማጠፍ ወይም ቀጥሎ ለማስረዘም አይሞከር፤ በነካኩት ቁጥር ራቁቱን ይቀራል። ልባሱ ፕላስቲክ፣ ውስጡ መዳብ፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ፣ ጫፉም ያልጠቆረ ከሆነ ለመብራት መስመር ሊቆይ ይችላል። ሲፋቅ ነጭ የሚሆን አሉሚኒየም ቤት ውስጥ ከተገኘ ይቀየር፤ በተለይ ከመዳብ ጋር ተጠምዝዞ በናስትሮ ከታሰረ። ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ በእርጥበት ይበላላሉ፣ አሉሚኒየሙ ሲሞቅና ሲበርድ ይላላል፣ መጋጠሚያው ይሞቃል። አንድ የላላ መጋጠሚያ 0.2 ኦም ሬዚስታንስ ብቻ ቢኖረው፣ 18 አምፔር ሲያልፍበት ጥፍር በምታህል ቦታ 65 ዋት ይፈጠራል። አቧራና የአይጥ ጎጆ ባለበት የጨርቅ ኮርኒስ ውስጥ ይህ ብቻ እሳት ለማስነሣት ይበቃል።

የሽቦውን ቀለም አይመኑ። በአሮጌው አሠራር ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል፣ አረንጓዴ ግራውንድ ነበር፤ በአዲሱ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ግራውንድ ነው። በመካከል የነካካው ሰው ደግሞ በእጁ የነበረውን ቀለም ሁሉ ተጠቅሟል። ልኬት እንጂ ቀለም አይነግርዎትም።

ሜገር ካልተለካ ውሳኔ የለም

የሚቆየውና የሚወጣው ሽቦ በዓይን ብቻ አይለይም። ኤሌክትሪሺያኑ ሜገር የሚባለውን የልባስ መለኪያ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁ፤ የለኝም ካለ ሌላ ይፈልጉ። ዋናው ጠፍቶ፣ አምፖሎች ወጥተው፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ተነቅለው፣ ማብሪያዎቹ ሁሉ በርተው፣ በ500 ቮልት ይለካል፦ ፌዝና ኒውትራል በአንድነት ታስረው ከግራውንድ ጋር፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያሳየ መስመር አይቆይም። አዲስ ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ኦም ያሳያል፤ ስለዚህ 2 ወይም 3 ያሳየ መስመር ሕጉን ቢያልፍም ዕድሜው እያለቀ ነው።

ጊዜውም ለውጥ ያመጣል። የጭቃ ግድግዳ ክረምት ላይ እርጥበት ይስባል፤ በጥር 5 ሜጋ ኦም ያሳየ ሽቦ በነሐሴ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በበጋ የተለካ ከሆነ በዝናቡ ወቅት ይደገም። ቤቱን በክረምት ከገዙ ግን ዕድለኛ ነዎት፤ ቤቱ ክፉ ገጹን አሳይቶዎታል።

ፓናል ቦርዱ

አራት ክፍል ላለውና ኩሽናው ከዋናው ቤት ለተነጠለ ቤት ባለ 18 ቦታ ፓናል ቦርድ (የብሬከሮች ሣጥን) ይበቃል፤ ጥቂት ቦታ ባዶ ቢቀር መልካም ነው። ውስጡ እንዲህ ይሁን፦ ባለ ሁለት ፖል (ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ) 40 አምፔር ዋና ብሬከር፤ ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጥ መከላከያ፤ 40 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ በሰው ገላ ወይም በሌላ መንገድ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ)፤ ከእሱ በታች ለመብራት ሁለት ባለ 10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት ሁለት ባለ 16፣ ለቦይለር አንድ ባለ 16፣ ለስቶቭ አንድ ባለ 20። ምጣዱ ከእነዚህ ተለይቶ የራሱ 25 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ያለበት ብሬከር ይኑረው። ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ከቆጣሪው እስከ ፓናሉ ያለው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይሁን። ቆጣሪው አጥር ላይ ከሆነ ደግሞ እዚያው ከቆጣሪው ቀጥሎ አንድ ባለ ሁለት ፖል ብሬከር ይገጠም፤ አለዚያ ግቢውን የሚያቋርጠው ሽቦ ያለ መከላከያ ይቀራል። ምጣድ፣ ስቶቭና ቦይለር ባንድ ጊዜ ቢበሩ 40 አምፔር ይደርሳል፤ ስለዚህ ጋገራ ላይ ቦይለሩ ይጠፋል። ያ የማይመች ከሆነ ወይም የቆጣሪው ትልቁ ቁጥር የማይፈቅድ ከሆነ መፍትሔው ለሦስት ፌዝ ማመልከት እንጂ ዋናውን ብሬከር በ63 መተካት አይደለም።

ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ምጣዱን አይደለም። ባለ 16 ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ በባለ 25 የሚተካ ሰው የቀድሞውን የፊውዝ ሽቦ እንደ አዲስ እየጠመጠመ ነው።

የቮልቴጅ መከላከያው ለአዲስ አበባ ቅንጦት አይደለም። መንገድ ላይ ያለው ኒውትራል ሲቆረጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አብረው የሚቃጠሉት ያኔ ነው። ከ250 ሲበልጥና ከ180 ሲያንስ እንዲቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ሦስት ደቂቃ ቆይቶ እንዲያስገባ ይስተካከል፤ የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ያን ጊዜ ይፈልገዋል።

ግራውንድ

አሮጌ ቤት ውስጥ በአብዛኛው የለም። ሶኬቱ ሦስተኛ ነጥብ ቢኖረውም ከኋላው ባዶ ነው። መዳብ የለበሰ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ቢያንስ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ከቤቱ አጠገብ እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ ይመታል፤ ከፓናሉ እስከ ዘንጉ ባለ 10 ወይም ባለ 16 መዳብ ሽቦ በመያዣ ይታሰራል፤ ላዩ ላይ ክዳን ያለው ትንሽ የጡብ ጉድጓድ ይሠራል፤ ማሰሪያው በየጊዜው ካልታየ ይዝጋል። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛው ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ ይመታ። የፌሮ ቁራጭ መቅበር የተለመደ ነው፤ አፈር ውስጥ ይዝግና ከጥቂት ዓመት በኋላ ስሙ ብቻ ይቀራል። ጨውና ከሰል መጨመርም ልኬቱን ለጊዜው ያሳምራል፣ ጨው ግን በዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላል። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ደግሞ ከቀረ ቆየ፤ ቧንቧው መሐል ላይ በፕላስቲክ ተቀይሮ ይሆናል።

ግራውንድ ብቻውን ግን አያድንም፤ ብዙ ባለሙያም እዚህ ላይ ይዘናጋል። የዘንጉ ልኬት ጥሩ ሆኖ 10 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ የምጣዱን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ መሬት የሚሄደው 220 ሲካፈል ለ10፣ 22 አምፔር ነው። ባለ 25 ብሬከር ይህን ጭራሽ አያየውም፤ ባለ 16ም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ሳይወድቅ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ኤሌክትሪክ አለ። አርሲዲው ግን ከ30 ሚሊ አምፔር ሳያልፍ በቅጽበት ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ነው የሚገጠሙት።

አቋራጭ የሚመስለው ትልቁ ስሕተት ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ነጥብ ጋር ማሰር ነው። መብራት ያበራል፣ ምጣድ ይጋግራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ሲቆረጥ ወይም ፌዝና ኒውትራል ሲገለበጡ ግን የምጣዱ፣ የፍሪጁና የልብስ ማጠቢያው ገላ ሁሉ ፌዝ ይሆናል። ሶኬት ከፍተው እንዲህ ያለ ማሰሪያ ካዩ በዚያው ቀን ይነሣ።

የምጣዱ መስመር

ፓናሉና ግራውንዱ ካለቁ ቀጥሎ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ከፓናል እስከ ኩሽና 20 ሜትር ቢሆን፣ 18 አምፔር በባለ 1.5 ሽቦ ሲሄድ ከ10 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ይህ 190 ዋት ያህል ሙቀት ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ሲበተን ማለት ነው። በባለ 4 ያው መንገድ 4 ቮልት ገደማ ብቻ ይወስዳል፣ ሙቀቱም ወደ 70 ዋት ይወርዳል። ስለዚህ እስከ 25 ሜትር ባለ 4፣ ከዚያ ከበለጠ ባለ 6፤ ሦስት ሽቦ፣ መሐል ላይ መቀጠያ ሳይኖረው።

ምጣዱ ተራ ሶኬት ላይ አይሰካ። የግድግዳው ሶኬት 16 አምፔር ነው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ፤ ሁለት ሰዓት 18 አምፔር ሲያልፍበት የውስጡ ስፕሪንግ ይግላል፣ ይላላል፣ በላላ ቁጥር የበለጠ ይግላል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በየጥቂት ወሩ «ሶኬት ተቃጠለ» የሚባልበት ቤት ችግሩ የሶኬቱ ጥራት አይደለም። ባለ 32 አምፔር፣ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ ማብሪያ ከምጣዱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከሊጥና ከውሃ ርጭት ከፍ ብሎ ይገጠም፤ ከእሱ ሙቀት የሚችል ሽቦ በቀጥታ ወደ ምጣዱ ይሂድ። ምጣዱን እያነሡ የሚያስቀምጡ ከሆነ ሰማያዊው ባለ 32 አምፔር የፋብሪካ መሰኪያ ይመረጣል። የግራውንዱ ሽቦ የምጣዱ ቆርቆሮ ላይ በብሎን ይታሰር፤ እግሩ ላይ መጠምጠም አይሆንም።

አሁን ለምን የራሱ አርሲዲ? የምጣዱ ሽቦ የተቀበረው ሸክላው ውስጥ ነው፤ ሸክላ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ሳምንት ሳይበራ የቆየ ወይም የታጠበ ምጣድ ሲበራ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ገላው ያፈሳል፣ አርሲዲው ይወድቃል። ቤቱ ባለ አንድ አርሲዲ ከሆነ ሁሉም ይጨልማል፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ «ይኼ ነገር ነው የሚያስቸግረን» ብሎ አርሲዲውን በሽቦ ያልፈዋል። ለብቻው ሲሆን የሚወድቀው ምጣዱ ብቻ ነው። መፍትሔው ምጣዱን ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው፤ ደርቆም ከወደቀ ሽቦው ከሸክላው ወጥቶ ገላውን እየነካ ነው፣ ይጠገን።

ዕቃ ሲገዙ

መርካቶ ውስጥ «ባለ 2.5» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 2.5 አይደለም። ካሊፐር ይዘው ይሂዱ፦ ነጠላ ሽቦ ባለ 1.5 ሲላጥ 1.38 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 2.5 ደግሞ 1.78 ሚሊ ሜትር ነው። የባለ 2.5 ጥቅል 100 ሜትሩ መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ይመዝናል፤ ከነልባሱ 2 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ከቀረበልዎ ወይ አጥሯል ወይ ቀጥኗል ወይ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። በትክክለኛ መለኪያ የባለ 2.5 ጥቅል ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.74 ኦም፣ የባለ 1.5 ደግሞ 1.21 ኦም ገደማ ያሳያል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከላይ ለተጠቀሰው ቤት ከባለ 1.5 ሦስት ጥቅል በሦስት ቀለም፣ ከባለ 2.5ም እንዲሁ፣ ለምጣዱ ከባለ 4 በየቀለሙ 25 ሜትር መነሻ ይሆናል፤ ለስቶቩ በርቀቱ ይታሰባል። 20 ሚሊ ሜትር ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ውስጥ ከስድስት ባለ 2.5 በላይ አይገባም፤ ቢገፋ ይገባል፣ ግን ሲሳብ ይላጣል፣ ሲሠራም ይሞቃል።

ዝርጋታው

የድንጋይ ወይም የጡብ ግድግዳ ከሆነ ኮንዲዩቱ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ተቆፍሮ ይቀበራል፤ አግድም ወይም ሰያፍ አይሄድም፣ ነገ ምስማር የሚመታ ሰው የሽቦውን መንገድ ከሶኬቱ አቅጣጫ መገመት አለበትና። የጭቃ ግድግዳ ግን አይቆፈር። ቦዩ ማገሩን ይቆርጣል፣ ምርጉ ይራገፋል፣ ልስኑም ከዓመት በኋላ በሽቦው መስመር ይሰነጠቃል። በግድግዳው ላይ በሚለጠፍ ትራንኪንግ (ክዳን ባለው የፕላስቲክ ቦይ) ይሂድ፤ የተቀበረ ያህል ባያምርም በጭቃ ቤት ትክክለኛው ይህ ነው። ብሎኑ ጭቃው ላይ ብቻ ከሆነ ይነቀላል፤ ቋሚው ወይም ማገሩ የት እንዳለ አንኳኩቶ እዚያ ላይ ማሰር ነው።

ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ ጨርቁ ላይ አይጣል። ኮንዲዩቱ ከጣሪያው እንጨት ጋር በመያዣ ይታሰር፣ ከቆርቆሮው ይራቅ፣ መጋጠሚያ ሁሉ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ በብሎን ማያያዣ ይሁን። ናስትሮ ብቻ የተጠመጠመበት መጋጠሚያ ከተገኘ ሥራው አላለቀም። ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ሣጥን ፎቶ ያንሱ፣ ከፎቶው ጥግ የሚታወቅ ነገር ይግባ።

መብራት ከመልቀቁ በፊት

ሜገሩ ይደገም። የግራውንዱ ሽቦ ከፓናል እስከ እያንዳንዱ ሶኬት መድረሱ ይለካ። ከዚያ መብራት ይለቀቅና በየሶኬቱ ሦስት ልኬት ይወሰድ፦ ፌዝና ኒውትራል 220 አካባቢ፣ ፌዝና ግራውንድ ተመሳሳይ፣ ኒውትራልና ግራውንድ ከጥቂት ቮልት ያልበለጠ። የአርሲዲው መፈተሻ ቁልፍ ይጫን፤ ካልወደቀ ተበላሽቷል። ከዚያ በኋላም በየወሩ ይጫን።

አዲሱ አርሲዲ ገና እንደበራ ያለ ምክንያት የሚወድቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከአሮጌው መስመር የቀረ ኒውትራል ነው፤ አንድ አምፖል ፌዙን ከአዲሱ፣ ኒውትራሉን ከሌላው መስመር ሲወስድ አርሲዲው ልዩነቱን እንደ ፍሳሽ ያየዋል። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያስገቡ የሚጥለውን ማግኘት፣ ከዚያ የዚያን መስመር ኒውትራል ለይቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው።

የመጨረሻው ፈተና እውነተኛ ጋገራ ነው። አንድ ሙሉ ሊጥ ተጋግሮ ሳያልቅ የምጣዱን ማብሪያና የፓናሉን ክዳን በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ ከሌላው ጎልቶ የሞቀ ነጥብ ካለ እዚያ ያለው ብሎን ላልቷል። ከወር በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ መጥቶ፣ ዋናውን አጥፍቶ ብሎኖቹን ሁሉ ዳግም ያጥብቅ፤ ይህን ገና ሲዋዋሉ ከዋጋው ውስጥ ያስገቡት። ያወጡት ካርታ በፓናሉ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ።

አሮጌው ሽቦ ከተቻለ በሙሉ ይውጣ። የማይወጣው በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ፣ ጫፎቹ ተለይተው ተሸፍነው «የሞተ» ተብሎ ይጻፍበት፤ አለዚያ ከዓመታት በኋላ ለሰርቪስ ቤት መብራት የሚቀጥል ሰው ኮርኒስ ውስጥ ዝግጁ ሽቦ አግኝቼ ብሎ እዚያው ላይ ይቀጥልበታል።